ስንዱ አትሞትም

ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት፣ በአንድ ጫማ ሰፊና በአንዲት የክርና የቁልፍ ነጋዴ መካከል፣ አሰፋች ልብወለድ የምታከራይባት የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረች። ስም አልተጻፈባትም። ሰው «አሰፋች ጋ» ይላታል፤ ይበቃል።

አሰፋች የታወቀችው በመጻሕፍቷ ብዛት ሳይሆን በሕጓ ነው። የወሰደውን መጽሐፍ የሚመልስ ሰው አስተያየቱን ሳይናገር ሌላ አይሰጠውም። አስተያየቱም አስተያየት መሆን አለበት።

«እንዴት ነበር?» ትላለች፣ መጽሐፉን ተቀብላ ጀርባውን በመዳፏ እያበሰች።

«ጥሩ ነው፣ እትዬ አሰፋች።»

«ጥሩማ ለሽሮም ይባላል። ስለ መጽሐፉ ነው የጠየቅኩህ።»

«ማለቴ... ልብ ይሰቅላል።»

«የማንን ልብ? ታላቅየው ርስቱን ሲወስድበት ታናሽየው ዝም ያለው ፈርቶ ነው ወይስ ንቆ?»

እዚህ ላይ የተንተባተበ ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጣ አንድ ዳኛ ሳይቀር፣ ኪዮስኳ ፊት ቆመው እንደ ተፈታኝ አልቧቸዋል። ከላይ ካለው ቡና ቤት ማኪያቶ አዝዘው፣ የሚሉትን ተለማምደው የሚወርዱም ነበሩ።

ዘመኑን ለማያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ጊዜው የስድሳዎቹ ዓመታት ማብቂያና የሰባዎቹ መባቻ ነው። ሰው በቤቱ ያለውን መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ከጨመረ ብዙም አልቆየም፤ የአሰፋች መጻሕፍት የተረፉት የፍቅርና የርስት ታሪክ ስለሆኑ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ አለ፣ በቀበሌው ስብሰባ አለ፤ በሁለቱም ቦታ አስተያየቱ ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የተሰብሳቢው ድርሻ እጅ ማውጣት ነው። የራሱ አስተያየት የሌለው ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል። በመላው አራዳ ሰው አስተያየት ስለሌለው የሚቀጣበት ቦታ ቢኖር ያቺ ኪዮስክ ብቻ ነበረች።

ሕጉ ግን ከጥበብ የመጣ አልነበረም። አሰፋች ማንበብ አትችልም።

ይህን የምታውቀው ከዲጃ ናት፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤቷ። ሌላ የሚያውቅ የለም። አሰፋች መጻሕፍቷን የምትለየው በሽፋናቸው ቀለም፣ በውፍረታቸውና በተቀደደው ጫፋቸው ነው። ውስጣቸው ያለውን የምትሰማው ከመላሾቹ አፍ ነው። አንዱ የዘለለውን ሌላው ይነግራታል፤ አንዱ የጠላውን ሰው ሌላው ያዝንለታል፤ እሷ ታገጣጥመዋለች። ጥቂት ወራት ሲያልፉ መጽሐፉን ካነበቡት ከብዙዎቹ የበለጠ ታውቀዋለች። መሐሉን የዘለለ ሰው ከእሷ አያመልጥም።

ከደንበኛ አፍ ያልሰማችው አንድ ልብወለድ ብቻ ነበር፣ «ከዋቢ ማዶ» የሚባል። እሱን ያነበበላት ባሏ ፈቀደ ነው።

ፈቀደ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በሚያድርባቸው ከተሞች ሁሉ አሮጌ መጻሕፍት እየገዛ ያመጣል፤ የኪዮስኳን የመጀመሪያ መደርደሪያ የሞላው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ የበኩር ልጃቸው ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ያረፈ ጊዜ፣ አሰፋች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰው አላናግርም ብላ ነበር። ፈቀደ ሥራውን ትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። ስንዱ የምትባል ልጅ ነጋዴ ትወዳለች። ነጋዴው ዋቢን ተሻግሮ ይሄድና ይቀራል። ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የጎረቤቱ ሐሜት አለ፣ የወንዙ ሙላት አለ፣ ምጥ አለ። መጨረሻ ላይ ነጋዴው ሲመለስ ስንዱ ልጇን አዝላ በሩን ትከፍትና «እስካሁን የት ነበርክ? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» ትለዋለች። አሰፋች ልጇን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው እዚህ ላይ ነው።

ኪዮስኳ ከተከፈተች በኋላም ፈቀደ ያን መጽሐፍ ለኪራይ አላወጣውም። «ይሄ የቤት ነው» ይልና አልጋው ሥር ይመልሰዋል። በ1970 ስንቅ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ወረደና ሳይመለስ ቀረ። አብሮት የነዳ ጓደኛው መጥቶ ያየውን ነገራት፤ ያየው ነገር ተስፋ የሚያስደርግ አልነበረም። ከተዝካሩ በኋላ አሰፋች «ከዋቢ ማዶ»ን ከአልጋው ሥር አውጥታ ኪዮስኳ ውስጥ ከፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወስደው እሱን ሆነ። ስንዱን ሳያውቅ ሌላ መጽሐፍ የሚወስድ የለም።

ችግሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ስንዱ ስትሞት አለቀስኩ» አላት እምሩ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ታይፒስት። መልከ መልካም፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ አፉ የማይያዝ የአራዳ ልጅ ነው።

«የቷ ስንዱ?»

«ይቺው የመጽሐፉ።»

«መጨረሻውን ሳታነብ ነው የመጣኸው። ውሰድና ጨርሰው።»

«ጨርሼዋለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ተኝተህ ነው ያነበብከው።»

እምሩ ይዞት ሄደ። ከቀናት በኋላ ሲመጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «ልክ ነዎት። ስንዱ አትሞትም።»

«ሰውየው ሲመጣ ምን አለችው?»

«እ... ብዙ ነገር ነው ያለችው።»

«ወጡ ቀዘቀዘ ነው ያለችው።»

«አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው» አለ እምሩ፣ ሌላ መጽሐፍም አገኘ።

ብዙ ሳይቆይ ነገሩ ቡና ቤቱ ገባ። አዲስ ሰው ወደ አሰፋች ሊወርድ ሲል አስተናጋጁ እንኳ «ስንዱ አትሞትም፣ ወጡ ቀዝቅዟል» ብሎ ይሸኘዋል። ነርሶቹ አሉት፣ ተማሪዎቹ አሉት፣ ዳኛው ሁለቴ ተመልሶ በሦስተኛው አለው። አሰፋችም የሰዉ ንባብ እየተሻሻለ በመሄዱ ደስ አላት።

እምቢ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መምህር ብርሃነ። ከአፍንጮ በር የሚመጣ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው። ከደንበኞቿ ሁሉ አስተያየቱ የሚጥማት የእሱ ነበር።

«ወይዘሮ አሰፋች፣ ስንዱ ትሞታለች። ገጹን ላሳይዎት» አለና መጽሐፉን ገልጦ በጣቱ እየጠቆመ ወደ እሷ አዞረው።

አሰፋች ገጹን አየችው። ጥቁር ጥቁር ነገር በመስመር ተሰልፎ አየች። «ገጹን አላውቀውም ብለው ነው?» አለችና ዘጋችው።

መምህር ብርሃነ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና አስተማሪዎች መመልመል ጀመረ። «በፒያሳ ያላነበበችው መጽሐፍ የሌለ አንዲት ጓዲት በመካከላችን አለች» አለ። አሰፋች ማን ትሆን ብላ ዞር ዞር አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ እያየ ያጨበጭባል። አብልጦ የሚያጨበጭበው እምሩ ነው።

አልችልም የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ለምን እንደማትችል መናገርማ ጭራሽ አይታሰብም። በማግስቱ ኪዮስኳን ሳትከፍት ከዲጃ ጋ ገባች።

«ማንበብ አልችልም በያቸዋ» አለች ከዲጃ። «ከእኔ ጋር ቁጭ ብለሽ ትማሪያለሽ። እኔ ተመዝግቤያለሁ፤ ምን አፈርኩ?»

«አንቺ ቁልፍ ነው የምትሸጪው።»

«እና?»

«ለቁልፍ ማንበብ አያስፈልግም። እኔ ነገ ማን ፊት ነው የምቆመው? ዳኛውን ሁለቴ አስመልሼዋለሁ እኮ።»

«ለምን?»

«መጨረሻው አልገባውም ነበር።»

ከዲጃ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «አንቺ ሊቀመንበር ብትሆኚ ኖሮ ጉዳችን ፈልቶ ነበር።»

አሰፋች ቀበሌ ሄዳ፣ የሠለጠነ መምህር እያለ እኔ ልቅደም ማለት አይገባኝም፣ ረዳት ልሁን አለች። ሊቀመንበሩ ይህን በስብሰባ ላይ የአብዮታዊ ትሕትና ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰው። ከትምህርት ቤቱ ተመድቦ የመጣው መምህር ማን እንደሆነ ያወቀችው አዳራሹ ውስጥ ገብታ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመውን ኮት ስታይ ነው።

መምህር ብርሃነ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አላነሳም። እሷ ከኋላ ቆማ የሚያንቀላፉትን እንድትቀሰቅስ ሆነ። እሱ ፊደል ሲጠራ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጮክ ብላ የምትደግመው እሷ ናት። የሚማሩት የሰፈሩ ሴቶች እንዲህ ለሥራዋ የምትተጋ አስተማሪ አይተው አያውቁም። እሱ ለጉዳይ ወጣ ሲል ክፍሉን የምትይዘው በለመደችው መንገድ ነው። ዱላዋን ሰሌዳው ላይ ታሳርፍና «ይቺ ማን ናት?» ትላለች፤ አንዷ ስትመልስ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ወደ ሌላዋ ትዞራለች፤ የብዙዎቹን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ክፍሉ በሙሉ ድምፅ ተሳሳተ። መምህር ብርሃነ ተመልሶ ሲያርማቸው አሰፋች «እኔም ይኼን ልነግራቸው ስል ነው የመጡት» አለች።

እሱም «መሆን አለበት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መጥራት አመጣ፤ አንዴ ለክፍሉ፣ አንዴ ወደ ኋላው ግድግዳ ቀና ብሎ። ኋላው ግድግዳ ጋ ከአሰፋች ሌላ ሰው የለም። እንዳወቀባት ገባት። ለማንም እንዳልተናገረም ገባት፤ ቡና ቤቱ ቢሰማ ኖሮ ወሬው ከዲጃ ሱቅ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም ነበር።

መጀመሪያ ያነበበችው የፒያሳን ሱቆች ስም ነው፤ ወርቅ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ፎቶ ቤቱን። ቀጥሎ የራሷን መደርደሪያ። ለዓመታት «ሰማያዊው» እያለች ስታከራየው የነበረው መጽሐፍ ስም እንዳለው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ «ከዋቢ ማዶ»ን አወረደችው። በምሳ ሰዓት የኪዮስኳን መዝጊያ አውርዳ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች አነበበች። ታሪኩን ስለምታውቀው ብዙ አልከበዳትም፤ ቃሉ ቢጠፋባት እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች። ሐሜቱ አለ። የወንዙ ሙላት አለ። ምጡም አለ።

ከምጡ ቀጥሎ ስንዱን ቀበሯት።

አሰፋች ተሳስቼ ነው ብላ ተመልሳ አነበበችው። የመቃብሩን ነገር በጣቷ ቆጥራ አነበበችው። ገጹን ገለጠች፤ ወጥ የለም። ነጋዴው ይመጣል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ጎረቤት መቃብሩን ያሳየዋል። ሕፃኑም ከእናቱ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው።

አታሚው የበሩንና የወጡን ነገር ቆርጦ ያስቀረው መስሏት ነበር መጀመሪያ። ኋላ ግን ፈቀደ ትዝ አላት። እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁን ጠርጎ ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ ነበር። ተመልሶ ሲቀመጥ ያነብ የነበረው እሷን እያየ ነው፤ ገጹንም ሳያየው ይገልጥ ነበር። ያን ጊዜ በቃሉ የያዘው መስሏት ተደንቃ ነበር።

«የወጡን ነገርስ ከየት አመጣኸው?» አለች፣ መደርደሪያውን እያየች።

መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ፈቀደ ከመንገድ አምሽቶ በገባ ቁጥር፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ እሷ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ትለው የነበረው ነው። የራሷን ቁጣ ለስንዱ አበድሮ መልሶ ለራሷ አነበበላት። እሷም ያቺ ልጅ እኔን ትመስላለች ብላ ለዓመታት ስትወዳት ኖራለች። መዝጊያውን ሳታነሣ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጠች። መቆጣት አማራት፤ የምትቆጣው ሰው ግን በር አንኳኩቶ የሚመጣ አይደለም።

በማግስቱ የተቆጣችው እምሩን ነው። የወንጀል ታሪክ ሊመልስ መጥቶ ነበር።

«እሱን ተወው። ስንዱ ምን ሆነች?»

«አትሞትም። ወጡ ቀዝቅዟል» አለ፣ ሳይተነፍስ።

«ትሞታለች።»

«ልክ ነዎት፤ ትሞታለች።»

«ምጥ ላይ ነው?»

«ምጥ ላይ ነው።»

«ወይስ ወንዙ ወስዷት ነው?»

እምሩ ጥቂት አሰበ። «ወንዙም አለበት፣ እትዬ።»

«እኔ የምጠይቅህ አንተ ምን ትላለህ ብዬ ነው። አንተ ራስህ።»

እምሩ ወደ ጫማ ሰፊው፣ ቀጥሎ ወደ ከዲጃ ሱቅ ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቋሙ ተቀይሯል እንዴ?»

«የምን አቋም?»

«የስንዱ።» አሰፋች አፍጥጣ ስታየው ጨነቀው። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ቀን ቢሮ፣ ማታ ቀበሌ፣ የሚባለውን ጠይቄ ነው የምገባው። እርስዎ ጋም ስመጣ እንደዚያው ጠይቄ ነው። መጽሐፍ መውሰድ ፈልጌ እንጂ ለክፋት አይደለም።»

በሁለተኛው ቀን ቡና ቤቱ ውስጥ ስንዱ ሞተች። ዳኛው ሳይጠየቅ «ምጥ ላይ ነው የሞተችው፤ ልክ ነው፤ መሞትም አለባት» ብሎ ሁለት መጻሕፍት መረጠ። ነርሶቹም ከወትሮው በላይ አዝነው መጡ። አሰፋች ሁሉንም ሰማች፣ ለሁሉም መጽሐፍ ሰጠች። እየሰጠች ግን ሕጉን ያወጣሁት ለዚህ ነበር እንዴ ትላለች በልቧ። እጅ የሚወጣበት ስብሰባ በከተማው ያነሰ ይመስል፣ እሷም በቆርቆሮ አንድ ሠርታ ኖራለች።

ያን ዕለት ወደ አዳራሹ የሄደችው ከሰዓቱ ቀድማ ነው። መምህር ብርሃነ ሰሌዳ ያጠፋል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ አጠገቡ አንድ ሌላ አዲስ ልብወለድ አለ።

«መምህር፣ ያን ገጽ አየሁት።»

እሱ የትኛውን ገጽ ብሎ አልጠየቀም። ጨርቁን አስቀመጠ። «አዝናለሁ፣ ወይዘሮ አሰፋች።»

«አዲሱን ይውሰዱት። አስተያየት አያስፈልግም፤ ያኔ ሰጥተውኛል።»

«አልሰጠሁም» አለ። «ትሞታለች ማለት የሆነውን መናገር ነው። አስተያየቴንማ ሳይሰሙ መጽሐፉን ዘግተውብኛል።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ።»

መምህር ብርሃነ ይህን ለረጅም ጊዜ ሲያዘጋጀው እንደኖረ ሰው ኮቱን አስተካከለ። «ደራሲው ልክ ነው ባይ ነኝ። ሰውየው ዘግይቷል። የዘገየ ሰው የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው። ስንዱ በሩን ከፍታ ወጥ ብታቀርብለት መጽሐፉ ሐሰት ይሆን ነበር።»

«እሱ ዘገየ ተብሎ እሷ ትሙት?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለዋል። ደራሲውም ብሏል። መቅጣት የፈለገው ሰውየውን ነው፤ የገደለው ግን እሷን ነው። ሰውየውን ለምን ወንዙ ላይ አላስቀረውም?» አለች አሰፋች። «መንገድ የሚቀር ወንድ ሞልቷል። ሰው ቀርቶባት፣ ሳትሞት፣ ጠዋት ተነሥታ ሱቋን የምትከፍትም ሞልታለች። ደራሲው ይቺን ለምን አላያትም?»

«ይቺን ቢጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።»

«ይሁን።»

«ወይዘሮ አሰፋች፣ እኔ የምለው ግን ያ ወጥ...»

«ወጡን ይተዉት። ወጡ የመጽሐፉ አይደለም፤ የቤቴ ነው።»

ሴቶቹ እየገቡ ወንበር ይስባሉ። ከዲጃ ከፊት ተቀምጣ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸውና «ዛሬ ትምህርት የለም?» አለች።

«አለ» አለ መምህሩ። አዲሱን ልብወለድ ወደ አሰፋች ገፋ አደረገና አሮጌውን አነሣ። «በሐሳብዎ አልተስማማሁም። ግን የሰውየውን ነገር እንደገና ማየት አለብኝ። ይኼኛውን ልውሰደው?»

አሰፋች መጽሐፉን አየችው። «ቅጠሉን እንዳያጥፉብኝ» አለች።

ትምህርቱ ተጀመረ። አሰፋች ከኋላ ቆማለች፤ ዱላዋ በእጇ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሴቶቹ ፊደል የምትደግም መሰላቸው። እሷ ግን ሰውየው እንዴት ነው ወንዙ ላይ የሚቀረው፣ ማንስ መጥቶ ለስንዱ ይነግራታል የሚለውን እያሰላች ነበር። ግድግዳው ሥር ሁለት ሴቶች እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የቀሰቀሳቸው የለም።